በወንድም ስም

በሽር ሰንበቴ ገበያ ላይ የከብት ደላላ ነው። እምብርቱ ላይ ያበጠው ነገር ብርቱካን አክሎ፣ ቆሞ መዋል ካቃተው ሦስት ወር አለፈው። ደሴ ያየው ሐኪም ሳይደብቅ ነግሮታል፤ ጉበቱ ታሟል፣ እሱ ሳይታከም በቀዶ ጥገና ቢነኩት ደሙ አልቆም ብሎ ሊሞት ይችላል።

በሽር ይህን ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። ጨፋ ወረደና ታናሽ ወንድሙን ሙሀመድኑርን ከማሽላ አረም ላይ አገኘው።

«ከሚሴ አንድ የግል ሐኪም ቤት እንሠራልሃለን ብለውኛል» አለው። «ደሜን ካዩት ግን እነሱም ይመልሱኛል። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አንተ ስጥልኝ።»

«ብትሞትስ?»

«በአጀሌ፣ በተጻፈልኝ ቀን እሞታለሁ። እንዲህ ሆኜ መኖሬስ መኖር ነው? ስሜን ሲጠሩ ትነሳለህ፣ በቃ። አንተ እንደሁ የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጠህ አታውቅ፤ ካንተ የጠራ ደም ከየት ይመጣል?»

አባታቸው ከሞተ ወዲህ ሙሀመድኑርን ያሳደገው በሽር ነው። እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ሰኞ ማለዳ የላብራቶሪዋ ልጅ «በሽር!» ብላ ስትጣራ ሙሀመድኑር እጅጌውን ጠቅልሎ ገባ።

ድሮም ደከም ይለው ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን ባሰበት። ምግብ ሲያይ ያጥወለውለዋል። ገላውን ያሳክከዋል። «ወንጀሌ ነው የሚበላኝ» አለ ለራሱ።

ረቡዕ በሽርን ልብስ ቀይረው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አስገቡት። ሚስቱ ከውሰር ከሙሀመድኑር ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዱዓዋን ታደርሳለች። ጥቂት ቆይታ ቀና አለች።

«አላህ ይስጥህ። አንተ ይዘኸው ባትመጣ ይህን ቀን አያይም ነበር።»

አንገቱን ደፋ። ዛሬ አመሰገነችው፤ ነገ አስከሬኑን ሲያስረክቧትስ? በሽር ቢቀየመኝም ይቀየመኝ፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብሎ ተነሳና በሩን ደበደበው። ዶክተሩ ራሱ ወጣ።

«ዶክተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ወንድሜን እንዳይነኩት!»

«አልነካሁትም» አለ ዶክተሩ። «ሰርዤዋለሁ። እንዲህ የተጎዳ ጉበት ይዞ እንኳን ቀዶ ጥገና፣ ማደንዘዣውንም አይችለው።»

ሙሀመድኑር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ፤ እንባው ወረደ።

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ራሱ ነገረዎት ማለት ነው?»

«እሱማ ደህና ነኝ ብሎ ሲምልልኝ ነበር» አለ ዶክተሩ፣ አሁን የደረሰውን የላብራቶሪ ወረቀት እያሳየው። «የነገረኝ ሰኞ የተቀዳው ደም ነው።»