አባቴን ባልራመደው

“ሞተዋል፤ እንዳይንቀሳቀሱ” ተብሎ ስለነበር አባትየው ደረቱ ላይ ቀይ ቀለም ተደፍቶበት፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ለፊልሙ በተዘጋው መንገድ መሃል ተጋድሟል። ከጦርነት የምትሸሸውን ሴት ሆና የምትሮጠው የገዛ ልጁ ነበረች። ፈረንጁ ዳይሬክተር ሬሳውን ተራምዳ እንድታልፍ አዟታል።

ሩጫዋ ቀረበና ጆሮው ሥር ሲደርስ ቆመ። ወዲያው የዳይሬክተሩ ጩኸት ተከተለ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልጄን ሊያዋርዳት ነው ብሎ ብድግ ሊል ቃጣው፤ ግን ሬሳ ነውና ምን ያድርግ? ከዚያ ድምጿን ሰማ። በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ ዝግ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ።

“ምን አለችው?” አለ ከንፈሩን ሳያላውስ።

አጠገቡ የተጋደመው ሌላው ሬሳ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። “‘ይቅርታ ጌታዬ፣ ቅር ካላለዎት በጎን ልለፍ? የተኛው አባቴ ስለሆነ እሱን ባልራመደው ደስ ይለኛል’ አለችው” ሲል አንሾካሾከ።

“ለመነችው?”

“ኧረ የምን ልመና! ፈቃድ ጠየቀች እንጂ። እሱ እምቢ ቢል ግን የምታደርገው አይመስለኝም።”

“ኦኬ” አለ ዳይሬክተሩ።

እንደገና ተጀመረ። ልጅቱ እየሮጠች መጣች፤ በራስጌው በኩል ዞራ፣ የቀሚሷ ጫፍ እንኳ ሳይነካው አለፈች።

“ቁሙ! ቁሙ!” እያለ የዳይሬክተሩ ረዳት በሩጫ ደረሰ። “አባባ፣ ምን ነካዎት? የሞተ ሰው ፈገግ ይላል እንዴ?”

“እሷን የወለደ ምን በወጣው ይሞታል!” አለ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ።