የቀኙ እጅጌ ጉዳይ

ጋሽ መቀስ ልብስ ሰፊ ነው። የቤት ስሙን መቀሱ ቀምቶታል። በደህናው ዘመን የሰፋው ኮት ከባለቤቱ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጎባጣ የእሱን ኮት ለብሶ ቤቱ ቢገባ የገዛ እናቱ “ማንን ፈለጉ?” አለችው። ይህን የሚያወራው ራሱ ጋሽ መቀስ ነው። ሩቡን ብቻ ብናምነው እንኳ ባለሙያ ነው።

የሱቁ ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሚስቱ እትዬ ሜትር ከደንበኛው ፊት ለፊት፣ የእሱ ቀኝ በእሷ ግራ ሆኖ፣ ቆማ ትለካለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱ በሌላው ሥራ ገብቶ አያውቅም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የተሰፋ ልብስ እየተመለሰ መጣ። ጉድለቱ ሁልጊዜ የቀኙ እጅጌ ላይ ነው፤ ወይ ያጥራል ወይ መዳፍ ይውጣል። ጋሽ መቀስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላጣውም። ጠዋት መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቢጀምር ለምሳ ነው የሚሳካለት። ዓይኑ ከድቶታል። ዓይን የከዳው ልብስ ሰፊ ደግሞ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሌላ ምን ሥራ አለው?

አንድ ቀን የባንኩ ዘበኛ ኮቱን ለብሶ መጣና ሁለት እጁን ዘረጋ።

“ጋሼ፣ ቀኝ እጄ ከግራው ያንሳል እንዴ?”

“የእኔ ጥፋት አይደለም” አለ ጋሽ መቀስ፣ ምላሱ ቀድሞት። “የባለቤቴ ልኬት ነው። እኔ የተጻፈልኝን ነው የምቆርጠው።”

ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ ሜትር ካውያ ድምፁ ቆመ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ከበደው። አንዴ ያወራትን ውሸት ለሁለተኛውም ደንበኛ ደገማት፣ ለሦስተኛውም። ከዚያ በኋላ ነው ልብ ያለው፤ እትዬ ሜትር ጠዋትና ማታ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ ስትወጣ ጉንጯ እርጥብ ነው።

“ምን ሆነሻል?”

“ምንም” ትለዋለች፣ በመሐረብ እየጠረገች።

በቀን ሁለቴ፣ ሰዓቱ ዝንፍ ሳይል። የሰው እንባ በቀጠሮ ሲመጣ አይቶ አያውቅም። ንዴቷም ጨመረ። በር ስትወጣ መቃኑን በግራ ትከሻዋ ትገጨዋለች። ብርጭቆ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እያስቀመጠች ሰባብራ ጨረሰችው። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ከግራ ጎኗ ሆኖ “እንዴት ዋልሽ?” ሲላት ዝም ብላው ታልፋለች። ይህን ሁሉ ያመጣው የእሱ ምላስ ነው። ጋሽ መቀስ ከጸጸት ብዛት ከሳ፤ የገዛ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበበ።

አንድ ጠዋት እትዬ ሜትር “ለማክሰኞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ” አለችው።

“እኔ? ዓይኔ ምን ሆነ?”

“መርፌው ይመስክር። ሂድ ብያለሁ።”

ታውቋል ማለት ነው። ሐኪሟ ዕውር ነህ ካለችው መቀሱን መስቀሉ ነው። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሮጠ፤ ሰውየው በቅርቡ ተመርምሯል።

“ምን ያስጨንቅሃል?” አለው። “ግድግዳ ላይ አፋቸውን ወደ አራቱም አቅጣጫ የከፈቱ ሳጥኖች አሉ። አፋቸው ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። እኔ በቃሌ ይዣቸዋለሁ።”

ጋሽ መቀስ ሳምንት ሙሉ ሸመደደ። እየሰፋ “ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ” ይላል።

“የመጨረሻው ግራ ነው” አለች እትዬ ሜትር፣ ሸሚዝ እየተኮሰች።

ደነገጠ። ኋላ ግን፣ እንዲህ ሲያነበንብ ከርሞ የልብስ ስፌት መኪናውም ሳይሸመድደው አይቀርም ብሎ ተወው።

ማክሰኞ ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

“ቀስ በል” አለችው።

ጭራሽ ትመራኝ ጀመር አለ በልቡ። ስሟን ያጠፋው ሰው፣ እንዳይወድቅ ብላ ደግፋዋለች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። “አባባ፣ የግድግዳው ሰሌዳ ይቆየን። እዚህ ይቀመጡ” አለችው።

ሽምደዳው ሁሉ ውኃ በላው። አገጩን መሣሪያው ላይ አሳረፈ። ዓይኑ ላይ ነፋስ እፍ አለበት፣ ብርሃን ብልጭ አለ። ወዲያው የዓይኑ ጀርባ ስክሪን ላይ ወጣ፤ ቀይ፣ ባለ ሥር። ቀጥሎ ድርብርቡ ታየ፣ ልክ እንደ ኮት።

“ገበሩ ሳይቀር ይታያል?”

“ገበሩም ስፌቱም” አለች ሐኪሟ። “አንድ በሽታ አለ አባባ፣ ሕመም የለውም። አይጥ ጨርቅን እንደሚበላ ከጠርዝ ይጀምራል። ባለቤቱ የሚነቃው መሃል ሲደርስ ነው። ይህ መሣሪያ ግን ገና ጠርዙ ላይ ሳለ ይይዘዋል። የተበላው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል።”

ጋሽ መቀስ አገጩን ሳያነሳ ተናገረ።

“ልጄ፣ ውጤቱን ሳትነግሪኝ እኔ ልናገር። እጅጌውን የማበላሸው እኔ ነኝ። ዓይኔ እንደከዳኝ እያወቅሁ በእሷ አላከክሁ። ለሰው ሁሉ ልኬቷ ነው አልሁ። ጠዋትና ማታ ተደብቃ የምታለቅሰው በእኔ ነው።” ወደ ሚስቱ ዞረ። “ይቅር በይኝ።”

እትዬ ሜትር መሐረቧን ጨበጠች።

ሐኪሟ ሥዕሉን ደግማ አየች። “አባባ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። መርፌው ያስቸገረዎት በዕድሜ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ይበቃዎታል። ለመቁረጥማ የጎረምሳ ዓይን ነው ያለዎት።”

“ታዲያ እጅጌውስ?”

እትዬ ሜትር ከቦርሳዋ ጣት የምታህል ባዶ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና፣ “የጠዋትና የማታው የዓይን ጠብታዬ አልቋል፤ ሌላ ጻፊልኝ” አለች።