ያለ ኳስ

የጥቁሮቹ ቤዝቦል ቡድን ሚሲሲፒ ውስጥ ሲዞር፣ ከግጥሚያው በፊት ያለ ኳስ እየተወራወረ ተመልካች ያስቃል። ቀላቢው ኦታ ዛሬ አላሰኘውም። አንደኛውን ቤዝ፣ የሜዳውን የመጀመሪያ ማዕዘን፣ ይጠብቅ የነበረው ጓደኛው ክሊዮፈስ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ከተማ፣ ቆስሎ ቢወሰድ የነጮቹ ሆስፒታል በር ተዘግቶበት፣ ደጅ ላይ ደሙ ፈስሶ ሞቷል።

"ዛሬስ ይቅርብን፣ አለቃ።"

"ካላሳቃችኋቸው ጨዋታ የለም ተብለናል። በል ግባ!" አለ አሠልጣኙ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

ገቡ። ባዶ እጅ ይወረውራል፣ ባዶ ጓንት ይቀልባል፤ ነጮቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ከፊት ተቀምጦ ሆዱን ይዞ የሚስቀው ያን ቀን በሩን የዘጋው የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው።

ኦታ ተራው ሲደርስ እጁ እንደለመደው ሰው ወደሌለበት አንደኛው ቤዝ ወረወረ። "ምን ነካኝ!" ብሎ ከንፈሩን ነከሰ።

ከወዲያ ኳስ ጓንት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ጧ አለ።

ሳያስበው ጓንቱን አነሳ። የሆነ ነገር መጥቶ መታውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋው። "ቀስ ብለህ ወርውር" እያለ ለዓመታት የለመነው ክሊዮፈስን ብቻ ነበር። ጓንቱን ሲያወልቅ ውስጡ ባዶ ነው፤ መዳፉ ግን ቀልቶ ማበጥ ጀምሯል።

"ድገሙልን እንጂ!" አለ ዘበኛው እያጨበጨበ።

አንደኛው ቤዝ አጠገብ አፈሩ ላይ አዲስ የጫማ ዱካ ወጣ፤ ጫፉ ወደ ዘበኛው ዞሯል።