ሦስት አንቀጽ ለአንዲት መርከብ

መግለጫውን ቆሜ እያነበብኩ ነው። ማክሰኞ የተያዘችው የጭነት መርከብ ሠራተኞች ቤተሰቦች በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችን ጠባብ የስብሰባ ክፍል አግዳሚዎች ላይ ተጨናንቀዋል። አለቃዬ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ራሱ የጻፈው ይመስል፣ በየነጥቡ አንገቱን ይነቀንቃል።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩ ከተባለ። ሦስት ረቂቅ ተመልሶብኝ አራተኛው ላይ ወኔዬ አለቀ፤ ያለፈውን መግለጫ ከማኅደር አወጣሁና የመርከቧን ስምና ቀኑን ቀየርኩ። መርከቧን የያዘውን መንግሥት አምባሳደር ጠርተን ወቅሰናል፤ እነሱም የእኛን ጠርተው ወቅሰዋል። ሁለቱም ሻይ ተጋብዘዋል።

«መንግሥታችን ድርጊቱን በጥብቅ እያወገዘ...» እላለሁ።

«...መርከቧና ሠራተኞቿ በአስቸኳይ እንዲለቀቁ ይጠይቃል» ትላለች አንዲት ሴት፣ ከኋላ በሩን ተደግፋ።

አለቃዬ ፈገግ ይላል። «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ፣ ይነበብልሻል።»

«ይነበብ። ቀጥሎ ‹ጉዳዩን በቅርበት እየተከታተልን ነው› ይላል።»

ወረቀቱን አየዋለሁ። ይላል።

«ማነው የሰጠሽ?» አለቃዬ እኔን ይገላምጠኛል።

«እናንተው ናችሁ። ባለቤቴ ከዚህ በፊት በተያዘችው መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ክፍል አነበባችሁልኝ፤ እሱም አልመጣ፣ እናንተም አልጠራችሁኝ። ዛሬ በሬዲዮ ‹የመርከብ ቤተሰቦች› ሲባል ጊዜ መጣሁ። ያኔ ያነበበው ወፍራሙ ሰውዬስ የት ሄደ?»

«ሹመት አገኘ» እላለሁ።

«እሰይ! አንድ ሰው እንኳ አለፈለት።»

ከመሀል አንዱ ሊስቅ ብሎ ሳሉን ያስቀድማል።

«ለጠብ አልመጣሁም፣ ወንድሜ። የሱንም መርከብ ስም እዚያው ላይ ጨምርልኝ። አንድ መስመር ናት፣ አትከብድህም።»

እስክሪብቶዬን አወጣለሁ። አለቃዬ ብድግ ብሎ ወደ ጆሮዬ ይጠጋል። «አብደሃል? የሦስት ዓመቱን ዛሬ ‹በአስቸኳይ› ብለን መሳቂያ እንሁን?» ሹክ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ግን በሩ ድረስ ይሰማል።

እስክሪብቶዬን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ።

የኋለኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ አንዲት የእጇ እንሶስላ ገና ያልለቀቀ ልጅ እግር ሙሽራ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ወሬውን እንደሰማች ልትሮጥ የተዘጋጀች ያህል ተቀምጣለች። ዞር ብላ ሴትዮዋን ትክ ብላ ታያታለች። ከዚያ ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ ታስቀምጥና፣ ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅላታለች።