ዝም ያሉት ወፎች

ለቡ ካለው የመጫወቻ ፋብሪካ ፀሐይወርቅ ያልፈተሸችው ዕቃ አይወጣም። አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ብልሽት አምልጧት አያውቅም። እሷ የጣለችውን ደግሞ ማንም ዳግም አይነካም።

ዘንድሮ ፋብሪካው ሆዷን ሲጫኗት በቀጭኑ የምታፏጭ የፕላስቲክ ወፍ መሥራት ጀመረ። ስፒከሯን የምትበይደው ቀመሪያ የምትባል አዲስ ሠራተኛ ነበረች።

በመጀመሪያው ወር ከአሥር ወፍ ሁለቱ ዝም አሉ። በሁለተኛው አራቱ። ትናንት ሰባት ደረሱ። ፀሐይወርቅ ሁሉንም ቀዩ ሳጥን ውስጥ ወረወረቻቸው።

«ሆን ብላ ነው» አለች በልቧ። «ሥራችንን እንድታበላሽ የላካት ሰው አለ።»

ልጅቷን ማየት አስጠላት። ቀመሪያ ሰላም ስትላት እንኳ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ንቀት ነው! የቀሩትም ሴቶች እሷ ስትደርስ ማንሾካሾክ ለምደዋል። ዛሬ ጠዋት የታክሲው ረዳት መውረጃዋን ሳይጠራ አሳለፋት፤ ስትቆጣው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀባት። ሰው ሁሉ ከፍቶባታል።

ሥራ እንደገባች በቀጥታ ቀመሪያ ጠረጴዛ ዘንድ ሄደች።

«ሽቦውን የምትነቅይው አንቺ ነሽ!»

«እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ወላሂ እኔ...»

«ጮክ ብለሽ ተናገሪ! ለሐሜት ሲሆን ምላስሽ ረጅም ነው።»

ቀመሪያ እንባዋ መጣ። «አንድ በአንድ ሞክሬ ነው የማስረክብዎት! ሁሉም ይሠራሉ! እናቴ በእኔ ደመወዝ ነው መድኃኒት የምትገዛው፤ ምን ብዬ አበላሻለሁ?»

«ውሸታም!»

ሥራ አስኪያጁ አቶ መኩሪያ ጩኸቱን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ።

«ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ እኔ» አለቻቸው ፀሐይወርቅ።

አቶ መኩሪያ የአሥራ አንድ ዓመት ሠራተኛቸውን ማጣት አልፈለጉም። ቀመሪያን ጋውኗን እንድታስረክብ አዘዟት። ልጅቷ የጋውኗን ቁልፎች እየፈታች «እባክዎ፣ አንዷን እንኳ ይዩልኝ» አለች።

«ይዩላት!» አለች ፀሐይወርቅ፤ ቀዩን ሳጥን ራሷ ጎትታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

አቶ መኩሪያ አንዷን ወፍ አንስተው ሆዷን ተጫኑ። ዝም። ሌላዋን አነሱ። እሷም ዝም።

«አዩልኝ?» አለች ፀሐይወርቅ፣ እጆቿን አጣምራ።

ሠራተኛው በሙሉ ወፎቹን ትቶ እሷን ያያል።

«ኧረ ይህን ፉጨት አጥፉልኝ!» ብለው ጮኹ አቶ መኩሪያ፣ አንድ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው።