የመጀመሪያው ቁልቁለት

ፍሬኑ እምቢ ቢለው፣ ሀሩን የጭነት መኪናውን በማርሽ ብቻ እየያዘ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋሮቢት መግቢያ ላይ አቆመ። ጎማውን ፈትቶ የፍሬኑን ታምቡር ሲያወልቅ፣ አምና በምስማር የጫረው የራሱ ምልክት ካለቀው የፍሬን ሸራ ጠርዝ ላይ አፈጠጠበት። አሳድጎ መካኒክ ያደረገው የእህቱ ልጅ ጀይላን ግን ትናንት፣ «አዲስ ሸራ ገጥሜልዎታለሁ፣ ወላሂ» ብሎት ነበር።

ስልኩ ጮኸ። «አጎቴ፣ በሰላም ገቡ?» አለ ጀይላን።

ሀሩን ያለቀውን ሸራ በእጁ እንደያዘ ጠዋቱን አስታወሰ። በዚያ መንገድ ልማድ፣ ፍሬን የሠራ መካኒክ የመጀመሪያውን ቁልቁለት ከሾፌሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። ጀይላንም ጠዋት ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያጫውተው ነበር የመጣው፤ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ሲደርሱ ነው «ሆዴን ቆረጠኝ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ የወረደው።

«ገብቻለሁ» አለ ሀሩን። «ሆድህስ ተሻለህ?»