አራት ባዶ መስመሮች

«ዜሮ ብለው ይሙሏቸውና እንገላገል፣ ጋሽ ሸረፋ። አራት ቀን እኮ ናት!»

እየሩስ ይህን ስትለው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ከሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመጣች ባለሙያ ናት። ላፕቶፗን ስፌት መኪናው ላይ፣ ገና ካልተዘመዘመ ሱሪ አጠገብ ዘርግታዋለች። ከትናንት ጀምሮ የሸረፋን ሃያ ስድስት ደብተሮች ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳች ሩቅ አገር ላሉት ሰዎች ስትልክ ቆይታ፣ አንዳንድ መስመር ባዶ የቀረባቸው አራት ገጾች ላይ ስትደርስ እጇ ተይዟል።

ሸረፋ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ ራሱን ይነቀንቃል። ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ዝናብ የሚለካ ልብስ ሰፊ ግን እሱ ብቻ ነው። ከሱቁ ጀርባ ግቢው ውስጥ የቆመችውን የዝናብ መለኪያ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያያል፣ ያየውን ይጽፋል። ለአረፋ አገር ቤት ሲሄድ ሚስቱ ፈቲሀ ትለካለች። የእሷ ጽሕፈት ከእሱ እንደሚያምር ሲነገረው ግን አይወድም።

«ዜሮ ማለት ወጣሁ፣ አየሁ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም ማለት ነው» ይላል። «በእነዚህ ቀናት አልወጣሁም። ያላየሁትን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የት ሄደው ነበር?»

«ሁለቱ የእናቴ ጀናዛ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጉንችሬ ነበር። አንዱ ፈቲሀ ሙባሪክን ስትወልድ ነው፣ ሆስፒታል አድረን።» አራተኛው ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። «አንዱን ተኝቼ ነው። እሷ እናቷ ጋ ሄዳ፣ እኔ ጫት ይዤ አምሽቼ... ስነቃ ስድስት ሰዓት።»

ከመጋረጃው ኋላ ፈቲሀ ሳቋ ያመልጣታል። «ጻፊው፣ ልጄ! ጫት ብለሽ ጻፊው!»

እየሩስ አትስቅም። ስድስት አገሮች ተስማምተው በዚህ አካባቢም ከጥያ እስከ ቆሼ ዝናብ በራሳቸው የሚለኩ ዘመናዊ መሣሪያዎች ተክለው ነበር። ድርቅ ሲመጣ ድንበር ሳይለይ ለሁሉም ቀድሞ የሚናገር አንድ የጋራ ካርታ ለመሥራት ነበር። ኋላ ላይ መረጃው የማን ነው፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍን በሚል ተኳረፉ። አንዱ ጥሎ ወጣ፣ ሌላው ተከተለው፣ መሣሪያዎቹ የሚጠግናቸው አጥተው ግንድ ሆነው ቀሩ። አሁን አራቱ ታርቀው ተመልሰዋል፤ ለካርታው መነሻ የሚሆን የብዙ ዓመት ልኬት ግን እጃቸው ላይ የለም። የሸረፋን ደብተር ካልተቀበሉት ይህ አካባቢ በሙሉ ከካርታው ውጭ ይሆናል።

ይህን ሸረፋም አሳምሮ ያውቃል። የእህቱ ልጆች ቆሼ በርበሬ ያመርታሉ። አምና ችግኛቸው እንደ ቆመ ሲደርቅ በዓይኑ አይቷል። አንድ ወር ቀደም ብሎ የነገራቸው ቢኖር ኖሮ አይተክሉም ነበር።

እስክሪብቶውን ያነሳል። አራት ዜሮ መጻፍ አንድ ቁልፍ የመትከል ያህል እንኳ አያደክምም። ፈቲሀ መጋረጃውን ገልጣ ታየዋለች። ሸረፋ ትንሽ ቆይቶ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ይሰካዋል።

«አልችልም። ወላሂ፣ አልችልም።»

ላፕቶፑ ይጮኻል። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ስክሪኑን ይሞሉታል። መሐል ላይ ያሉት ጸጉራቸው የነጣ ሴትዮ ይናገራሉ፣ እየሩስ ታስተረጉማለች። አራት ገጾች አልደረሱንም፣ የት አሉ ነው የሚሉት።

ሸረፋ ራሱ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገልጦ ካሜራው ፊት ይይዝላቸዋል። ሴትዮዋ ወደ ስክሪናቸው ጠጋ ይላሉ።

«ለምን ባዶ ሆኑ እያሉ ነው» ትላለች እየሩስ።

«እንዳለ ንገሪያቸው።»

«ጫቱንም?»

«ጫቱንም።»

ትነግራቸዋለች። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ያለ ነገር ይናገራሉ። እየሩስ ወደ ሸረፋ ዞር ትላለች።

«ከሌላ ቦታ የመጣላቸው ደብተር አንድም ባዶ አልነበረውም አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይጎድል። ለኪው አልታመመም፣ ሰው አልሞተበትም፣ አልደገሰም። ሰው እንዲህ አይኖርም ብለው መለሱት።»

«የእኔስ?»

«መሣሪያዎቹ በሠሩባቸው ዓመታት የእርስዎ ቁጥር ከነሱ ጋር ገጥሟል። የቀሩትን ዓመታት ማመን ነበር የቸገራቸው። አሁን ባዶዎቹን ሲያዩ አመኑ።» እየሩስ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ታብሳለች። «ካርታው ከቡታጅራ ይጀምራል ብለዋል፣ ጋሽ ሸረፋ።»

ሸረፋ ይኮራል። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤት «ዛሬስ ሰማዩን በስንት ክንድ ለካኸው?» ሲለው ስቆ ያልፍ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ኩራቱን የሚደብቅበት ቦታ ያጣል። ፈቲሀን ያያታል። እሷም አሁን አትስቅም፤ የራሷ ጽሕፈት ያለበትን ደብተር አንስታ ደረቷ ላይ ይዛለች።

ሴትዮዋ ገና ይናገራሉ። ሸረፋ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ይነሳል።

«ልጄ፣ ይቆዩኝ በያቸው።»

«እንዴ! አራት አገር እኮ ነው የተቀመጠው!»

«ሦስት ሰዓት ሆኗል።»

ግቢው ደረቅ ነው፤ የታኅሣሥ ሰማይ አንድ ደመና የለበትም። ሸረፋ ይህን ከሱቁ ሳይወጣም ያውቀዋል። ቢሆንም ከመለኪያዋ አጠገብ በርከክ ብሎ፣ ዓይኑን ከመስመሮቹ እኩል አድርጎ ያያል። ምንም የለም።

ሲመለስ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድም ሰው አልተነሳም። ሸረፋ ከነሱ ፊት ይቀመጣል፣ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን ያወርዳል፣ ሃያ ሰባተኛውን ደብተር ገልጦ የዛሬን ቀን ይጽፋል። ከጎኑም፣ ጎላ አድርጎ፣ ዜሮ።